ደብረ ብርሃን ላይ የምትንቀጠቀጥ መኪና ሸዋ ሮቢት ላይ ለምን ይሻላታል?

ጥያቄው፦ «ጋሼ፣ የ1982 ሞዴል ኮሮላ ዲኤክስ አለችኝ። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። በየሳምንቱ ለሥራ ሸዋ ሮቢት እወርዳለሁ። ከጥቅምት ወዲህ ሚኒሞዋ፣ ማለትም ፔዳል ሳይረገጥ የሚኖራት የሞተር ዙር፣ ወርዶ አስቸገረኝ። ቆማ ስትሠራ ትንቀጠቀጣለች። መብራት ሳበራ ይብስባታል። መስቀለኛ መንገድ ላይ ስቆም ትጠፋብኛለች። ስነዳት ግን ብዙም አትታወቅም። ሸዋ ሮቢት ስደርስ ደግሞ ይሻላታል፤ መንቀጥቀጧ ግን ጨርሶ አይተዋትም። አንዱ መካኒክ የሚኒሞ ብሎኗን አጥብቆ ሰጠኝ፤ ሳምንት አልቆየም። ሌላው ኮምፕሬሽን ለክቶ ‹8 ነው፤ ፋሻ (የፒስቶን ቀለበት) ጨርሷል፤ ሞተሩ ይውረድ› አለኝ። ሦስተኛው ‹ካርቦሬተሩን ቀይረው› ይላል። ካርቦሬተሩ ግን መስከረም ላይ ሸዋ ሮቢት ተፈትቶ የታጠበ ነው። የቱን ልስማ?»

ሦስቱንም አትስማ። ሞተሩ አይወርድም። ካርቦሬተሩም አይቀየርም። ቢያንስ አሁን አይሆንም።

ፍንጩን ራስህ ሰጥተኸኛል፤ ግን እንደ ተራ ነገር አለፍከው። ካርቦሬተሩ የታጠበውም የተስተካከለውም ሸዋ ሮቢት ነው። መኪናዋ የምታድረው ደግሞ ደብረ ብርሃን ነው። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ። መንገዱ 100 ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ መሃሉ ላይ ግን ጣርማ በር 3,000 ሜትርን አልፎ ይጠብቅሃል። ለአንተ ጃኬት የማውለቅና የመልበስ ጉዳይ ነው። ቤንዚንን ከአየር ለሚቀላቅለው ለካርቦሬተር ግን ሌላ አገር መሄድ ማለት ነው።

የአየሩ ግፊት ሸዋ ሮቢት ላይ ከባሕር ወለሉ 86 በመቶ ያህል ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ወደ 71 በመቶ ይወርዳል። የድሮ ካርቦሬተር ኮምፒውተር የለውም፤ አየሩ መሳሳቱን የሚነግረው የለም። አየሩ ሲቀንስ ቤንዚኑን በዚያው ልክ አይቀንስም። ስለዚህ ቆላ የተስተካከለ ካርቦሬተር ደጋ ሲወጣ ቤንዚን ይበዛበታል። በርበሬው እንዳለ ውሃው የጎደለበት ወጥ በለው። በዚያ ላይ ሞተሩ በሚኒሞ ሲሠራ አየር የሚያገኘው በጣም ጠባብ በሆነ ክፍተት ነው። ያው ክፍተት ደብረ ብርሃን ላይ የሚያስገባው አየር ሸዋ ሮቢት ላይ ከሚያስገባው አንድ ስድስተኛ ያህል ያንሳል። አየር ያነሰው፣ ቤንዚን የበዛበት ሞተር ዙሩ ይወርዳል። መብራት ስታበራ ደግሞ ዲናሞው ተጨማሪ ጉልበት ይጠይቀዋል። አቅም የለውም፤ ይጠፋል።

ይህ ዝቅ ማለቱን ያስረዳል። መንቀጥቀጡን ግን ሙሉ በሙሉ አያስረዳም። ሸዋ ሮቢት ላይም ጨርሶ አይተዋትም ብለሃልና። ስለዚህ የእኔ ግምት ሁለት ችግር ተደራርቧል የሚል ነው። አንደኛው የከፍታው ጉዳይ ነው። ሁለተኛው ከአራቱ ሲሊንደሮች አንዱ ድርሻውን አለመሥራቱ። ብዙ ጊዜ የሚያሳስተን ለአንድ ምልክት አንድ ጥፋተኛ ብቻ መፈለጋችን ነው። አሮጌ መኪና ላይ እንዲህ ያለ ዕድል እምብዛም አይገኝም።

ወደ ኮምፕሬሽኑ፣ ፒስቶኑ አየሩን ጨምቆ ወደሚፈጥረው ግፊት፣ ልምጣ፤ ትልቁን ገንዘብ ሊያስወጣህ የነበረው እሱ ነውና። መካኒኩ 8 (ባር ገደማ) ማንበቡ ትክክል ሊሆን ይችላል። ስህተቱ ትርጓሜው ላይ ነው። የፋብሪካው መጽሐፍ 11 ወይም 12 የሚለው ባሕር ወለል አካባቢ ላለ አየር ነው። ፒስቶኑ የሚጨምቀው ያገኘውን አየር ነው። ገና ሲገባ 71 በመቶ የሆነ አየር ተጨምቆ 12 አይሆንም። መጽሐፉ 11 ያለው ጤነኛ ሞተር ደብረ ብርሃን ላይ ወደ 8 ቢያሳይ የሚያስገርም አይደለም። ሰሜን ሸዋ ላይ በዚህ ንባብ ምክንያት ሳያስፈልግ የወረደ ሞተር ስንት እንደሆነ ቤት ይቁጠረው። ሞተሩ አየር የሚስብበትን ኃይል የሚለካው የቫኪዩም ጌጅም ያው ነው። ባሕር ወለል ላይ 18 ወይም 20 ኢንች የሚያነብ ሞተር እዚህ 9 ኢንች ያህል ቀንሶ ያነባል። ጌጁ አልተበላሸም፤ ሞተሩም አልታመመም።

መጠየቅ ያለብህ «ስንት ነው?» ብለህ ሳይሆን «አራቱ ይቀራረባሉ ወይ?» ብለህ ነው። 8፣ 8፣ 7.5፣ 8 ከሆነ ሞተርህ ደህና ነው። 8፣ 8፣ 5፣ 8 ከሆነ ሦስተኛው ሲሊንደር ላይ ነገር አለ። መለኪያው ራሱ ሥርዓት አለው። ሞተሩ ይሙቅ። አራቱም ካንዴላ (በየሲሊንደሩ እሳት የሚጭረው) ይውለቅ። ለካንዴላዎቹ ከፍተኛውን ቮልት የሚሰጠው የቦቢናው ሽቦ ይነቀል። ባትሪው ሙሉ ይሁን። ሲነሣ የቤንዚን ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይረገጥ። ፔዳሉ ሳይረገጥ ከተለካ አየር በበቂ አይገባም፤ ቁጥሩም ዝቅ ብሎ ይወጣል። አንዱ ሲሊንደር ካነሰ በካንዴላው ቀዳዳ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት አንጠባጥበው ድጋሚ ይለኩት። በደንብ ከጨመረ ችግሩ ፋሻ ነው። ካልጨመረ ቫልቭ ነው፤ ወይም በሞተሩ ጭንቅላት ሥር ያለው የቴስታታ ጋርኒሲዮን።

ቫልቭ ካልን አይቀር እዚህ ትንሽ እንቆይ፤ እኔ በመጀመሪያ የምጠረጥረው እሱን ነው። የዲኤክስ 4ኬ ሞተር ቫልቮች በየጊዜው በእጅ ይስተካከላሉ። ክፍተታቸው ሞተሩ ሲሞቅ ለመግቢያው 0.20፣ ለመውጫው 0.30 ሚሊ ሜትር ነው። ቫልቩ መቀመጫው ላይ እየተበላ ሲሄድ ክፍተቱ ይጠባል። ቀጥሎ ቫልቩ በደንብ መዘጋት ያቅተዋል። በፍጥነት ስትነዳ የሚያመልጠው ጥቂት ስለሆነ አይታወቅህም። በሚኒሞ ላይ ግን ለማምለጥ ጊዜ ያገኛል፤ ያ ሲሊንደር ይሰንፋል። ባለመኪናው ደግሞ «ቲክ ቲክ» የሚለውን የቫልቭ ድምፅ አይወድም። መካኒኩም ደንበኛውን ለማስደሰት ጠበቅ ያደርግለታል። ሞተሩ ዝም ይላል። ዝም ያለው ግን ስለተሻለው አይደለም። ትንሽ «ቲክ ቲክ» የሚል 4ኬ ጸጥ ካለው ይሻላል።

የትኛው ሲሊንደር እንደሰነፈ ለማወቅ ቀላል መንገድ አለ። ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ የካንዴላ ካቦዎቹን አንድ በአንድ ትነቅላለህ፤ መልሰህም ትሰካለህ። ካቦው ሲነቀል ዙሩ ከወረደና ሞተሩ ከተንገጫገጨ ያ ሲሊንደር ይሠራ ነበር። ስትነቅለው ምንም ለውጥ ካላመጣ ጥፋተኛው እሱ ነው። ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል። በካቦው ውስጥ የሚያልፈው በሺዎች የሚቆጠር ቮልት ነው። በባዶ እጅ አይነካም። እጀታው በደንብ የተሸፈነ ፒንሳ ይዘህ፣ የተነቀለውን ጫፍ የሞተሩን ብረት አስነክተህ፣ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ። ቤንዚን የሚያንጠባጥብ ነገር ካለ ጨርሶ አትሞክረው። የልብ ምት መሣሪያ የተገጠመለት ሰውም አይጠጋ። ቪትዝ ያለው ዘመድ ካለህ ይህን ዘዴ በእሱ መኪና ላይ እንዳትሞክረው። በየካንዴላው ላይ ኮይል ያለበት አዲስ መኪና በዚህ ይበላሻል።

ካንዴላዎቹን ስታወልቅ ዝም ብለህ ጠርገህ አትመልሳቸው። አራቱን በተራቸው ደርድርና እያቸው። ቡና ዓይነት ወይም ግራጫ ቀለም ጤና ነው። ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ማለት ቤንዚን በዝቷል። እርጥብ ጥቁር ሆኖ ቅባት ካለው ዘይት እየገባ ነው። ነጭ የገረጣ ከሆነ አየር በዝቷል። የአንተ አራቱም ደረቅ ጥቁር ጥላሸት እንደሚሆኑ እጠብቃለሁ። ከሆኑ ደግሞ ስለ ከፍታው ያልኩህን በዓይንህ አየኸው ማለት ነው። አንዱ ብቻ ከተለየ የሰነፈውን ሲሊንደር አገኘኸው። ክፍተታቸው 0.8 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይሁን።

መኪናህ በፑንቲና (ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ ሆኖ የእሳቱን ኤሌክትሪክ በሚያቆራርጠው) የምትሠራ ከሆነች እሱንም አስለካ። የፑንቲናው መሄጃ ሲበላ ክፍተቱ ይጠባል፤ የእሳቱ ሰዓትም ይዘገያል። እሳቱ የዘገየ ሞተር ሚኒሞው ይወርዳል። ክፍተቱ 0.45 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው የሚፈለገው። የፑንቲናው ገጽ ተጎድጉዶ ከሆነ በብርጭቆ ወረቀት ከመፈግፈግ አዲስ መግዛት ይሻላል።

አሁን «አየር እየሳበ ነው» ስለሚባለው። ከማኒፎልዱ (አየርና ቤንዚኑን ወደ ሲሊንደሮቹ ከሚያደርሰው ቧንቧ) ጋርኒሲዮን ወይም ከተሰነጠቀ የጎማ ቱቦ ያልተፈለገ አየር ሲገባ ሚኒሞ ይረበሻል፤ እውነት ነው። በአንተ ላይ ግን ቀዳሚ ተጠርጣሪ አላደርገውም። ምክንያቱም አየር የሚስብ ሞተር ችግሩ የቤንዚን ማነስ ነው። እንዲህ ያለው ሞተር ደጋ ሲወጣ ቤንዚኑ ስለሚበዛለት እንዲያውም ይሻለዋል፤ ቆላ ሲወርድ ነው የሚብስበት። የአንተ ተቃራኒው ነው። ይሁን እንጂ አንዱን ቱቦ ሳትፈትሽ እንዳታልፍ። ከማኒፎልዱ ወደ ፍሬን ሰርቮ፣ ፍሬኑን ስትረግጥ ወደሚያግዝህ መሣሪያ፣ የሚሄደውን ወፍራሙን። ሞተሩ በሚኒሞ እያለ ፍሬኑን ረግጠህ ያዘው። ዙሩ ከተለዋወጠ ወይም «ሽሽሽ» የሚል ድምፅ ከሰማህ ሰርቮው ወይም ቱቦው ተቀዷል።

ይህ ከሚኒሞ በላይ የሆነ ጉዳይ ነው። የምትወርደው በጣርማ በር ነው። ሞተሩ ሲጠፋ ሰርቮው አንድ ሁለት ጊዜ ብቻ ያግዝሃል። ከዚያ ፍሬኑ ድንጋይ ይሆናል። ወደ ደብረ ሲና የሚወርደውን ጠመዝማዛ የምታውቀው አንተ ነህ። በሚኒሞ የምትጠፋ መኪና እስክትስተካከል ድረስ ያን ቁልቁለት ባትወርድ እመርጣለሁ። ግድ ከሆነ በ2ኛ ማርሽ ውረድ። ቤንዚን ልቆጥብ ብለህ ዜሮ ማርሽ ላይ እንዳታደርጋት።

በነገራችን ላይ፣ የጣርማ በርን የዋሻ መንገድ የሠሩት ጣሊያኖች የጋራዡንም ቋንቋ ትተውልን ሄደዋል። ሚኒሞ፣ ካንዴላ፣ ፑንቲና፣ ቦቢና፣ ቴስታታ። የአሮጌ መኪና በሽታ በአማርኛ ሲነገር ግማሹ ጣሊያንኛ ነው።

አየር መሳቡን ለመፈተሽ ቤንዚን በሞቀ ሞተር ላይ የሚረጩ አሉ። ተው። መኪናም ሰውም ያቃጥላል። የሳሙና ውሃ በቂ ነው። በመጋጠሚያው ላይ ጠብ ስታደርገው ወደ ውስጥ ከተሳበና ዙሩ ከተለወጠ ቀዳዳውን አገኘኸው። ዲስትሪቢዩተሩን ብቻ እንዳታረጥብ።

ቤንዚን የሚያበዙ ሌሎች ሁለት ነገሮች አሉ። ቾኩ (ሞተሩ ቀዝቅዞ ሲነሣ አየሩን የሚያጠበው ክዳን) ጨርሶ አለመከፈቱና ሞተሩ አለመሞቁ። የቾክ ገመዱ ዝጎ ከሆነ አንተ መለስኩት ብትልም ክዳኑ ግማሽ ላይ ይቀራል። የአየር ፊልትሮውን ክዳን ከፍተህ ሞተሩ ሞቆ ሳለ በዓይንህ እይ፤ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። ፊልትሮውንም እግረ መንገድህን ተመልከት። አቧራ የበላው ፊልትሮ ያለ ቾክ ቾክ ነው። ሁለተኛው ቴርሞስታት ነው፤ ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃውን ወደ ራዲያተሩ የማያሳልፈው። ብዙ ጋራዥ «ሞተር ያሞቃል» እያለ አውልቆ ይጥለዋል። ሸዋ ሮቢት ላይ ጉዳቱ ወዲያው አይታይ ይሆናል። በደብረ ብርሃን ውርጭ ግን ቴርሞስታት የሌለው ሞተር ጠዋት ጠዋት ሳይሞቅ ሥራ ቦታህ ትደርሳለህ። ቀዝቃዛ ሞተር ውስጥ ቤንዚኑ በደንብ አይተንም፤ ሚኒሞም አይረጋም። ከተነቀለ አስመልሰው። የራዲያተሩም ክዳን ጤነኛ ይሁን። ደብረ ብርሃን ላይ ውሃ በ90 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚፈላው፤ ግፊቱን የሚይዝለት ያ ክዳን ነው። ሞተሩ ሙቅ እያለ ግን እንዳትከፍተው።

አንድ ሌላ ነገር ልንገርህ፤ ጣርማ በር ላይ ካጋጠመህ እንዳትደናገጥ። ጉም ባለበት ቀን ካርቦሬተር ውስጥ በረዶ ሊሠራ ይችላል። ቤንዚን ሲተን ያቀዘቅዛል፤ በአየሩ ውስጥ ያለው እርጥበት ጉሮሮው ላይ ይረጋል። ሚኒሞ ይወርዳል፣ ሞተሩ ይጠፋል። 10 ደቂቃ ቆመህ ስታስነሣ ምንም እንዳልሆነ ይነሣል፤ በረዶው ቀልጧላ። ብዙ አሮጌ መኪኖች ከጭስ ማውጫው ማኒፎልድ አጠገብ ሞቅ ያለ አየር ወደ ፊልትሮው የሚያመጣ ቱቦ ነበራቸው። አብዛኛው ሰው «ትርፍ ነው» ብሎ ጥሎታል። ካለህ አትጣለው።

ቤንዚን ከጀሪካን የምትገዛ ከሆነም ወደ ግልጽ ጠርሙስ ቅዳና ለጥቂት ሰዓት አስቀምጠው። ውሃ ካለው ከታች ይለያል። ከእሳትና ከሲጋራ ግን አርቀው።

ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው ወደ ካርቦሬተሩ ብሎኖች የምንመጣው። የመጀመሪያው መካኒክ ብሎኑን መንካቱ ነውር አልነበረም። የተሳሳተው ከዚያ በመጀመሩ ነው። ቁስል ሳያጥቡ በጨርቅ እንደመጠቅለል ነው። ደግሞም የሚነካው ብሎን ሁለት ነው። አንዱ የዙሩን ከፍታ ይወስናል። ሌላው በሚኒሞ የሚሰጠውን ቤንዚን። አንዱን ብቻ ማጥበቅ የአየርና የቤንዚኑን ውህድ አያስተካክልም። ሚኒሞን ከልክ በላይ ማስኬድም ሌላ ጣጣ ያመጣል። ማርሽ ሲገባ ይጮሃል፤ ቁልቁለት ላይም ሞተሩ በደንብ አይይዝልህም።

አስተካካዩ ሥራውን ደብረ ብርሃን ላይ ይሥራው፤ ቀን፣ ሞተሩ በደንብ ሞቆ፣ መብራት ጠፍቶ፣ ፊልትሮው ተገጥሞ። መጀመሪያ በካርቦሬተሩ የጎን መስታወት የቤንዚኑን ልክ ይይ፤ መሃል ላይ መሆን አለበት። ከዚያ በላይ ከሆነ ተንሳፋፊው ይስተካከል፤ አለዚያ ብሎን ማዞሩ ከንቱ ነው። ቁልፍ ስትከፍት ካርቦሬተሩ ላይ ያለው ትንሽ ኤሌክትሪክ ቫልቭ «ጠቅ» ማለቱንም ያዳምጥ። ዝም ካለ ለሚኒሞ የሚሆነው ቤንዚን መንገዱ ተዘግቷል። ቀጥሎ የቤንዚኑን ብሎን ዙሩ ከፍተኛና ለስላሳ እስኪሆን ያዙረው። ከዚያ በዙር ብሎኑ ወደ 750 ያውርደው። ሁለቱን እያፈራረቀ ይደጋግም፤ በጆሮ ሳይሆን በዙር መለኪያ። በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ግን አይሁን። ብርዱ በር ዝጉ ዝጉ ያሰኛል፤ የማርሚታው ጭስ ግን ሳይታወቅ ይገድላል።

ሸዋ ሮቢት ስትወርድ ውህዱ ወደ 8 ወይም 9 በመቶ ይሳሳል። ስለዚህ ደብረ ብርሃን ላይ ቤንዚኑን እስከ መጨረሻው አያቅጥነው። ከለስላሳው ነጥብ ቅንጣት ታህል ቤንዚን ወደሚበዛበት ይተውልህ። ታች ዳገት ላይ ስትጫን «ቅጭ ቅጭ» የሚል ድምፅ ከሰማህ አብዝቶ አቅጥኖታል ማለት ነው። በሁለቱም ከተማ እኩል የሚያምር ሚኒሞ አትጠብቅ። ካርቦሬተር ያን አይችልም። ሸዋ ሮቢት ላይ ዙሩ ትንሽ ከፍ ይበልብህ፤ ተወው።

ካርቦሬተር ቀይር ላለህ ሰው ደግሞ አንድ ነገር ጠይቀው። የሚገጥምልህ አዲሱ ተስተካክሎ የመጣው ለየትኛው ከፍታ ነው? ያንኑ ችግር በገንዘብህ ትገዛዋለህ። የካርቦሬተርህ ዘንግ ተበልቶ ወዲያ ወዲህ የሚነቃነቅ ከሆነ ብቻ ልቀበለው እችላለሁ። ያኔ አየር በዘንጉ ስለሚገባ የትኛውም ብሎን አያረጋውም።

እንግዲህ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። ካንዴላ እይ። የሰነፈውን ሲሊንደር ለይ። ቫልቭ አስተካክል። ፑንቲና አስለካ። ቾክና ቴርሞስታት ፈትሽ። ካርቦሬተሩ መጨረሻ። አብዛኛው የእጅ ዋጋ እንጂ የዕቃ ወጪ የለበትም። ከዚህ በኋላም ሳይነዳ ስቲሪንግና ወንበር ብቻ የሚርገበገብ ከሆነና የሞተሩ ድምፅ እኩል ከሆነ የሞተሩን ጎሚኒ፣ ሞተሩ የሚያርፍበትን ጎማ፣ ተመልከት። ጎሚኒው ሲሞት ጤነኛ ሞተርም የታመመ ይመስላል።

ሞተሩ ይውረድ የምልህ ሦስት ነገር አንድ ላይ ካየህ ነው። ከማርሚታው ሰማያዊ ጭስ፣ በየሳምንቱ ዘይት መጨመር፣ የዘይቱን ክዳን ስትከፍት ደግሞ እየገፋ የሚወጣ ጭስ። በጥያቄህ ውስጥ አንዱንም አላነሣህም። እነሱን እስክታይ ድረስ ሞተሩን ማንም እንዳያወርደው።